ጎኑ ያልተነካ ጎማ

ደምበጫ ውስጥ እንዳላማው ታረቀኝን የማያውቅ ፈረሰኛ አልነበረም፤ አብዛኞቹም የሚያውቁት በጀርባቸው ነው። በየጥምቀቱ ጉግስ ሲካሄድ የእሱ ዘንግ ያላረፈበት ጀርባ ከተገኘ፣ ባለቤቱ በዚያ ዓመት ታሞ ተኝቶ ነበር ማለት ነው። እሱን መምታት ግን አበሳ ነበር። ከኋላው ዘንግ ሲወረወርበት ዞሮ ሳያይ ያውቃል፤ ከኮርቻው ወደ አንድ ጎን ጋደም ይልና ዘንጉ ከላዩ አልፎ ሣሩ ላይ ይወድቃል። አባቱ ግራዝማች ታረቀኝ ከሜዳው ዳር ቆመው አጠገባቸው ያለውን ሰው፣ "ያ ማነው? ዓይኔ ደከመ መሰል" ይሉታል። ዓይናቸው ደኅና ነበር። "የእርስዎ ልጅ ነው እንጂ" ሲባሉ መስማት ስለሚወዱ ነው።

ጣሊያን ገባና ይህ ሁሉ ቀረ። ዳማው ፈረሱ ከአውሮፕላን በተጣለ ቦምብ ሞተ። ጉግሱም ተከለከለ፤ ባለጊዜዎቹ የአገር ጎልማሳ በፈረስ መሰብሰቡን አልወደዱትም። እንዳላማው ደግሞ ደብረ ማርቆስ ሄዶ ከጣሊያኖች የመኪና ማደሻ ተቀጠረ። ቆይተው ሞተር ሳይክል ሰጡትና ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫው የጦር ሰፈር ደብዳቤ የሚያመላልስ ሆነ። ግራዝማች ይህን የሰሙ ዕለት ልጃቸውን ማነጋገር ተዉ። ሰው ስለ ባንዳነቱ ሲያነሳባቸው፣ "ነውረኛ ነው። ፈረሰኛ ግን ነው" ይላሉ። የቀረቻቸው ኩራት ያቺው ነበረች።

እሳቸው ያላወቁት፣ ልጁን ወደዚያ የላኩት ባላምባራስ ወልደጊዮርጊስ መሆናቸውን ነው። ባላምባራስ ጫካ የገቡ አርበኛና የእንዳላማው የክርስትና አባት ነበሩ። "ጠጋ በላቸው። ወሬ እንድትሰማልኝ እፈልጋለሁ። ያቺን ሞተር የሚሏትን ብረት ከሰጡህም ልመዳት፤ አንድ ቀን ከመኪናቸው ቀድሞ የሚደርስልን ሰው እንፈልግ ይሆናል" ብለውት ነበር። ይህን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። እንዳላማው የወገኑን ግልምጫ ለዚህ ሲል ቻለው፤ መቻል ያቃተው ሌላ ነገር ነበር። ያ ሁሉ ፈረሰኛ ሞተሯን መንዳት አልቻለም።

ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ችግር አልነበረበትም፣ እንዲያውም ይበር ነበር። ጣጣው መታጠፊያ ላይ ነው። ወደ ደምበጫ ሲኬድ መንገዱ ከአንድ ረጅም ቁልቁለት ይወርዳል፤ በተራራው ወገብ ተቆርጦ የወጣ ነው፣ በአንድ በኩል ቋጥኝ በሌላው በኩል ገደል። የአገራችን ሰው እንዲህ ባለ ቦታ በበቅሎ ሲሄድ ገላውን ወደ ተራራው ይጥላል። ማንም አላስተማረውም፣ ከእናቱ ጀርባ ሆኖ ገደል ካየበት ጊዜ ጀምሮ የሚያውቀው ነው። መንገዱ ወደ ሸጥ፣ ተራራው ወደ ውስጥ ወደሚሰረጉድበት፣ ገብቶ ሲታጠፍ ግን መታጠፊያው በገደሉ በኩል ነውና በሞተር የሚሄድ ሰው ብረቱንም ገላውንም ወደ ገደሉ ማጋደም አለበት። የእንዳላማው ገላ እሺ አላለም። ሞተሯ ወደ ገደሉ ልትተኛ ስትል እሱ ወደ ቋጥኙ ይንጋደዳል፣ ሁለቱ ሳይስማሙ ሞተሯ ወደፊት ትነዳና ቋጥኙን ትገጫለች። ሁለት ጊዜ ከተጋጨ በኋላ ፍሬን ይዞ፣ እግሩን መሬት እየጎተተ፣ ሲብስም ወርዶ እየገፋ መታጠፍ ጀመረ።

ጉዱን ያወጣበት ጎማው ነው። ቤፔ የሚባል ጎሚስታ ነበር፤ ጎማ የሚጠግን ወፍራም ጣሊያን፣ አማርኛን ከገበያና ከጠላ ቤት የተማረ በመሆኑ ስድቡን አሳምሮ የሚያውቅ። አንድ ቀን የእንዳላማውን የኋላ ጎማ ፈትቶ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ወደ ላይ አነሳው።

"ኑ እዩ። መሃሉ አለቀ፣ ሙልጭ ብሏል። ጎኑን እዩት።"

ጎኑ አዲስ ነበር። ጎማ ከፋብሪካ ሲወጣ ጥርሱ ላይ የሚኖሩት ቀጫጭን ጭገሮች እንኳ አልረገፉም።

"ሞተር የሚችል ሰው ሲታጠፍ ይጋደማል፣ ጎኑም እኩል ያልቃል" አለ ቤፔ። "ይህ ሰው አንድም ቀን አልተጋደመም። መንገዱ ደግሞ ቀጥ አይልም። ታዲያ እንዴት ነው ደምበጫ የምትደርሰው?"

"ይወርዳላ" አለ አንዱ። "የጫማውን ሶል እይለት፤ ከጎማው ቀድሞ ያለቀው እሱ ነው።"

ሁሉም ሳቁ። እንዳላማውም አብሮ ለመሳቅ ሞከረና ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። ባንዳ ሲሉት መሬት መሬት እያየ ያልፍ ነበር፣ በልቡ የሚያውቀው አለና። ይህ ግን እውነት ነው፣ ምን ብሎ ያስተባብላል? በየሳምንቱ ከኋላው የሚመጡት የወታደር ካሚዮኖች ያንን ቁልቁለት ሲገፋ ያገኙታል፤ ወታደሮቹም የብርቱካን ልጣጭ እየወረወሩበት ያልፋሉ።

ቤፔ ቢሳለቅም ክፉ ሰው አልነበረም። ጎማውን መልሶ ሲያስር፣ "ከእሷ ጋር ተኛ። ገደሉን አትይ፤ ዓይንህ መታጠፊያው የሚያልቅበት ላይ ይሁን። አንተ ያየህበት ትሄዳለች" አለው። እንዳላማው እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከከተማው ወጣ ካለ መስክ ላይ ብቻውን ይዞር ጀመር፤ መጀመሪያ ሰፋ አድርጎ፣ እየቆየ ጠበብ። ሣር ላይ ተሳካለት። ዳማውን የጋለበ ሰው ሆኖ ላሞች ብቻ በሚያዩት መስክ ላይ እንደ ሕፃን መዳህ መማሩን ሲያስበው ግን ያፍራል። ማፈሩም አልጠቀመውም፤ ቅዳሜ ቁልቁለቱ ጋ ሲደርስ እግሩ ራሱ ከመርገጫው ወርዶ መሬት ይፈልጋል።

ባላምባራስ ወልደጊዮርጊስ ጫካ እንዳሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰገደች ሞቱ። አርባቸው ቅዳሜ ሊወጣ ነው፤ ባላምባራስም የሚስቴን ተዝካር በሩቅ ሆኜ አላስደግስም ብለው ከጥቂት ሰዎች ጋር ከቁልቁለቱ ማዶ ወዳለችው መንደራቸው ወረዱ። ወሬውን አንድ ሰው ለጣሊያን ሸጠው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የጣሊያኖቹ መቶ አለቃ ማደሻው ድረስ መጥቶ ካሚዮኖቹ ለነገ ጠዋት እንዲዘጋጁ አዘዘ፤ የት እንደሚሄዱና ማንን ለመያዝ እንደሆነም በአስተርጓሚው በኩል ለአገሬው ሾፌሮች ተናገረ። እንዳላማው እዚያው ጎማ ይነፋ ነበር። መታጠፊያ የሚፈራ ሰው ምን ያደርጋል ብሎ የተጠነቀቀው አልነበረም።

በእግር ሰው ቢላክ አይደርስም። ቅዳሜ የእሱ የደብዳቤ ቀን ነው፤ እንደ ልማዱ ጎህ ሲቀድ ከካሚዮኖቹ ጥቂት ቀድሞ ይነሳል። ቁልቁለቱን ሳይወርድና ሳይገፋ ካለፈው መንደሪቱ ደርሶ፣ ተናግሮ፣ ወደ መንገዱ ለመመለስ ይበቃዋል። እንደ ወትሮው ከገፋ ግን ካሚዮኖቹ ይቀድሙታል፤ ባላምባራስም የሚስታቸው ዳስ ውስጥ ይያዛሉ። የተያዘ አርበኛ የሚደረገውን አገሩ ሁሉ ያውቃል።

ቅዳሜ ጠዋት ብርድ ነበር። እንዳላማው ከቁልቁለቱ አናት ሲደርስ የመጀመሪያውን መታጠፊያ እግሩን እየጎተተ አለፈው። ሁለተኛውንም እንዲሁ፣ ያውም እያለቀሰ ማለት ይቻላል፤ አንተ ፈሪ፣ አንተ የሴት ልጅ፣ እያለ ራሱን ይሰድባል፤ እግሩ ግን አይሰማም። ያን ጊዜ ከላይ ከአናቱ የካሚዮኖቹ ድምፅ መጣ። ከወትሮው ቀደም ብለው ተነስተዋል።

ድምፁ ከኋላው እንደመጣ ጀርባው ላይ አንድ ነገር ወረረው፤ በጉግስ ሜዳ ዘንግ ሊያርፍበት ሲል የሚወርረው ዓይነት። ገላው ጥያቄ አላቀረበም። ገደሉ በስተቀኙ ተከፍቶ፣ መንገዱ ወደ ሸጡ ሲታጠፍ፣ ከዘንግ እንደሚሸሽ ሰው ወደ ቀኝ ጋደም አለ። ሞተሯም አብራው ተኛች። ጎማው በጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ፣ ያዘ፣ ዞረ። እንዳላማው ቀና ሲል መታጠፊያው ከኋላው ነው። የሚቀጥለው ወደ ግራ ነበር፤ እሱንም ተኛለት። ከዚያ በኋላ ያሉትን አያስታውሳቸውም፤ እየሳቀ መውረዱን ብቻ ያስታውሳል። ያን ጠዋት ለጥቂት ጊዜ ሐፍረት የሚባለውን ረሳው።

ባላምባራስ ከዳሱ ወጥተው የነገራቸውን ሰሙ። ለሰዎቻቸው ምልክት ሰጥተው ጠመንጃቸውን እያነሱ፣ "ቁልቁለቱን እንዴት አድርገህ አለፍከው?" አሉት። መግፋቱን ሰምተው ነበር ማለት ነው፤ ያልሰማ አልነበረም።

"ተጋድሜ" አለ።

ሽማግሌው በዚያ ጭንቅ መሃል ፈገግ አሉ። "በል ለማንም እንዳትናገር። ለአባትህም ቢሆን። ታረቀኝን አውቀዋለሁ፣ ሐዘን መሸሸግ ይችላል፣ ደስታ ግን አይችልም። በነጋታው ገበያ ላይ ይዘራዋል፤ አንተም ትሰቀላለህ።"

እንዳላማው ወደ መንገዱ ተመልሶ ከመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ወረደና ካሚዮኖቹ እንዲያዩት እንደ ወትሮው መግፋት ጀመረ። ካሚዮኖቹ ደረሱ። ወታደሮቹ ጮኹበት፣ ልጣጭ ወረወሩበት። ቤፔም ጎማ ቢፈነዳ ሊጠግን ከተሳፈረበት ካሚዮን ላይ ሆኖ እጁን አወዛወዘለት።

ዳሱን ባዶ አገኙት፤ ወጡ ገና ትኩስ ነበር። መቶ አለቃው በንዴት ደምበጫ ገባ። ገበያው ሞልቷል። ማን ነገራቸው? በዚያ መንገድ ከእኛ ቀድሞ የመጣ ማን ነው? ሲል ጠየቀ። ከደብዳቤ አመላላሹ በቀር ማንም አልነበረም። ሾፌሮቹ ሳቁ፤ "እሱ ከሆነ የሚገፋ ነው፣ ስንቀድመውም አይተኸዋል" አሉት። መቶ አለቃው ሊተወው ነበር። ቤፔ ግን ጎማ አይቶ ማለፍ የማይሆንለት ሰው ነውና፣ እንዳላማው ደብዳቤውን አድርሶ ገበያው ዳር ካቆማት ሞተር አጠገብ ጎንበስ አለ። የጎማው ጎንና ጎን ሻክሯል፣ ጭገሩም ረግፏል።

እንዳላማው ስለ ጎማው ጨርሶ አላሰበም ነበር። ደስታው አስረስቶታል።

"ወድቄ ነው" አለ።

"የወደቀ ሞተር እጀታው ይጫራል እንጂ ጎማው በሁለት ጎን እንዲህ አይሞረድም" አለ ቤፔ። ይህን ሲል ሰው ለማስገደል አስቦ አልነበረም፤ ስለ ጎማ ተጠይቆ መዋሸት አይሆንለትም፣ ያም ብቻ ነው። መቶ አለቃው የእንዳላማውን ፊት ለረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ ወደ ገበያው መሃል፣ ወደ ዋርካው አመለከተ።

"ዋርካውን ዙር ይልሃል" አለ አስተርጓሚው። "በፍጥነት፤ ሳትወርድ።"

ገበያተኛው ገለል ተደረገ። ሰው ከዋርካው ዙሪያ ክብ ሠራ፤ ልክ ጉግስ እንደሚታየው። ከፊት ያሉት አብዛኞቹ አብረውት የጋለቡ ናቸው። ከመካከላቸውም ግራዝማች ታረቀኝ በከዘራቸው ተደግፈው ቆመዋል። ልጃቸውን ካነጋገሩ ዓመት አልፏቸዋል፣ ሊያዩት ግን መጡ። እንዳላማው አባቱ አገጫቸውን ቀና ማድረጋቸውን አየ። ምን እየጠበቁ እንደሆነ ያውቃል።

አሳምሮ ቢዞር ይሰቀላል፤ ማን እንደላከውም ሲገረፍ ያወጣ ይሆናል። ስለዚህ መውደቅ አለበት፤ የጎሚስታው ዓይን እስኪያምን፣ እውነተኛ ፈሪ እንደሚወድቀው።

ተነሳ። ዋርካው ጋ ሲደርስ ገላው በራሱ መጋደም ጀመረ፤ ጠዋት የተማረውን ሊረሳ አልፈለገም። እንዳላማው በግድ ቀና አደረገው፤ ወደ ውጭ ተንጋደደ፣ እግሩን ጣለ፣ ፍሬኑን ጨመቀው። ሞተሯ ተወላግዳ የከብት አዛባ ላይ ጣለችው።

ከዚያ አንዲት ሴት "ውይ" አለች፤ ወታደሮቹም ሳቁ። በእኛ አገር ከፈረስ የወደቀ ሰው በዚያ ዓመት ሠርግ አይሄድም፤ ከዳር ቆሞ የሚስቅበት ስለማይጠፋ። አሁን ግን ከአገሩ ሰው የሳቀ አልነበረም። ያ ባሰበት።

"እንደገና" አለ መቶ አለቃው።

በዚያኛው በኩል ዞሮ በግራ ጎኑ ወደቀ። የጋለው ጭስ ማውጫ ባቱን ጠበሰው። ቤፔ አገጩን አሻሸ፤ ገና አላመነም። "እንደገና" ተባለ። አስተርጓሚው አለንጋውን አወጣ። እንዳላማው ሞተሯን ከመሬት እያነሳ ወደ አባቱ ላለማየት ሞከረና አየ። አገጫቸው ወርዷል።

ግራዝማች ሰውን ገፋ ገፋ አድርገው ክቡን ጥሰው ገቡ። ጥቁርና ነጭ ሳያዩ ለማንም ጎንበስ ብለው የማያውቁት ሰውዬ ቆባቸውን አውልቀው መቶ አለቃው ፊት ቆሙ።

"ለጌታህ ንገርልኝ" አሉት አስተርጓሚውን። "አባቱ ነኝ። ልጁ መጋለብ አይችልም። ድሮም አይችልም ነበር።"

"የታወቀ ፈረሰኛ ነበር ይሉታል እኮ።"

"እኔ ነኝ ያስወራሁት። አንድ ልጅ ነው ያለኝ፣ እንዲያፍር አልፈለግሁም። ጉግስ ሲወጣ ጓደኞቹን በየቤታቸው እየሄድኩ እለምንለት ነበር፣ እንዳትመቱት፣ እንዳትጥሉት እያልኩ። ፈረሱም ገራም ነበር። በከንቱ አታድክሙት።"

አስተርጓሚው ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞረ። "እውነት ነው?"

ከፊት ሙላት የሚባል ፈረሰኛ ቆሞ ነበር። በእንዳላማው ዘንግ ሁለት የፊት ጥርሱን ያጣ ሰው ነው፤ ይህንንም ለሃያ ሰው አሳይቶ ይሆናል። ወደ መሬት አየና አፉን በጋቢው ሸፈነ።

"እውነት ነው" አለ። "ለምነውን ነበር።"

"እኔንም" አለ ሌላው። "ግራዝማችን አክብረን ነው የተውነው" አለ ሦስተኛው። አንድ ሁለት እያሉ የደምበጫ ፈረሰኞች በሙሉ መሰከሩ። ስለ ባላምባራስ፣ ስለ ቁልቁለቱ አንዳቸውም የሚያውቁት የለም። ለሽማግሌው አዝነው ነው። እንዳላማው አዛባው ላይ ተቀምጦ አንድ በአንድ ሰማቸው። አለንጋው ቢያርፍበት ይሻለው ነበር።

ቤፔ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። "ሲገፋት ከቋጥኙ ጋር አፋትጓት ይሆናል" አለና ጎማውን ተወው። መቶ አለቃው ምራቁን ተፋ። ሞተሯን ካሚዮን ላይ አስጫናት፤ ደብዳቤውም ከዚያ ወዲያ በበቅሎ እንዲሄድ አዘዘ። ካሚዮኖቹ ሄዱ፤ ገበያውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ግራዝማች ከእንዳላማው አጠገብ በርከክ አሉ። በዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገሩት።

"ተነስ ልጄ። ቤት እንሂድ።"

"አባባ" አለ እንዳላማው። ነገሩ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ተጋድሜ ነው የመጣሁት፣ ካሚዮኖቹን ቀድሜያቸው ነበር፣ ባላምባራስ በእኔ ነው የተረፉ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃ ነበር። ሽማግሌው ቀና ብለው ሊሰሙት ሲጠብቁ በዓይናቸው ውስጥ ያለውን አየ። ይህን ቢነግራቸው ደስታቸውን ቤት እስኪደርሱ እንኳ ሊሸሽጉት አይችሉም ነበር።

"ምነው?"

"ምንም። እግሬን አሞኛል።"

"አይዞህ" አሉ። "ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰው ፊት አበዛሁት። ያልሆንከውን እንድትሆን አስገደድኩህ መሰለኝ።" ይህን ያሉት ከልባቸው ነበር። አሁን የነገሩትን ውሸት ራሳቸው ማመን ጀምረዋል።

ትከሻቸውን ከብብቱ ሥር አስገብተው አስነሱት፤ በገበያው መሃል ለመሃል ደግፈው ወሰዱት። ሰው ፊቱን እያዞረ መንገድ ለቀቀላቸው። ባቱ እንደዚያ የሚያስነክስ አልነበረም። እንዳላማው ግን የአባቱ ትከሻ ላይ ተጭኖ፣ ሁሉም እንዲያየው፣ ቤት እስኪደርሱ ድረስ አነከሰ።